ትርጓሜው በኋላ ይመጣል

መሪጌታ ይትባረክ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ከሰዓት፣ የምጦራትን አሮጊት፣ ሲኞራዬን፣ ምሳ አብልቼ፣ የራሴን ቀሚስ ለብሼ ልወጣ ስል ነው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የኛ ናቸው፤ ሮም ውስጥ ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። የደወለችልኝ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ያገራችን ልጅ ነበረች። «እኅቴ፣ ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ ዘመድሽ ናቸው አይደል? ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ። ዘመዴ አይደሉም ልላት ነበር። ግን ሌላ ማን አላቸው? «አዎ፣ ዘመዴ ናቸው» አልኳትና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲኞራዬ ከሳሎን «ኬ ኤ ሱቼሶ?» ትላለች፤ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?

መሪጌታ አስተማሪዬ ነበሩ። ያስተማሩኝ ግን ጣልያንኛ አይደለም፣ ሆላንድኛ ነው። ሮም ተቀምጦ ሆላንድኛ መማር ምን የሚሉት ነገር ነው እንዳትሉኝ። ባል ወይም ሚስት ሆላንድ ያለው ሰው ወደዚያ ለመሻገር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በቋንቋው መፈተን አለበት፤ የኔም ባል ሮተርዳም ነው። የኔን ነገር እዚህ ላይ ልተወው፣ ሆድ ይፍጀው። ብቻ እንደኔ ያለን ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ እንሰበሰብ ነበር። ዝናብ ከጣለ ጥግ ላይ ወዳለችው የልብስ ማጠቢያ ቤት እንገባና የሰው አንሶላ ሲሽከረከር እያየን እንማራለን።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሰው ነበሩ። ፀሐይ ይሁን ዝናብ፣ ከእጃቸው የማይለይ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነበራቸው። ሲዘንብ እንኳ አይዘረጉትም፤ መቋሚያቸው ነበርና። ቅዳሴ ላይ እንደሚቆም ደብተራ ብብታቸው ሥር ያስገቡታል፣ ሲያስተምሩ ደግሞ በጫፉ ድንጋዩን ይመታሉ።

የጎጃም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በቆሎ ተማሪነት ከደብር ደብር ዞረው ንባቡንም ዜማውንም ተምረዋል። ከዚያ ወዲህ ሕይወት እንዴት አንከባላ ሆላንድ እንዳደረሰቻቸው ብዙ አይናገሩም። የምናውቀው፣ እዚያ ሳሉ ካንዲት ያገራቸው ሴት ሶስና የምትባል ልጅ መውለዳቸውን፣ ልጅቷ ጥርሷ መውለቅ ሲጀምር ደግሞ «አሻራዎ መጀመሪያ የተነሣው ጣልያን ነው» ተብለው ወደዚህ መመለሳቸውን ነው። ሮም ሲመጡ ቪያ ኩርታቶኔ በሚባል መንገድ፣ ስደተኞች በሰፈሩበት ሕንፃ ውስጥ ገቡ። ከዚያም ሁሉም ሲባረር ከሰው ጋር ተባረሩ። አድራሻ የሌለው ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሜሶው፣ አይታደስለትም፣ ፔርሜሶው ያልታደሰ ሰው ደግሞ ድንበር አይሻገርም። ስለዚህ ልጃቸውን ካዩ ዓመታት አለፉ። ቀን ቀን አንድ የምግብ ቤት፣ የትራቶሪያ፣ ጓዳ ሳሕን ያጥባሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ እኛን ያስተምራሉ። ለምን እንደሚያስተምሩን አንድ ቀን ጠይቄያቸው «ካልተናገርኩት ይዝግብኛል። ከዛገብኝ ደግሞ ከሶስና ጋር በምን እናወራለን?» አሉኝ። ልጅቷ አማርኛ አታውቅም።

ሆላንዶች ቃል መቀጣጠል ይወዳሉ። ሁለቱን ሦስቱን አንድ ላይ ሰፍተው እንደ አንድ ቃል ይጽፉታል፤ የሚያነበው ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። መሪጌታ ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። «ልብስ የሚፈታው በስፌቱ ነው እንጂ መሀል ጨርቁ ተቀዶ አይደለም። መጀመሪያ ስፌቱን ፈልጉ» ይሉናል። ስፌቱን ስናገኝ ልክ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል እንደሚቆጥረው ነጣጥለን እንለዋለን፤ ዚ፣ ከን፣ ሀውስ። ቀጥለን በውርድ ንባብ ዝግ ብለን እናያይዘዋለን፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ በአንድ ትንፋሽ እንወጣዋለን። የግዕዝ ንባብ የቃልን መነሣትና መውደቅ የሚለይባቸውን ስሞች ሁሉ ለሆላንድኛው አውሰውት ነበር። «የፊተኛው ተነሽ፣ የኋለኛው ተጣይ!» እያሉ ጃንጥላውን ዷ ያደርጉታል። «ዚከን ይነሣል፣ ሀውስ ይወድቃል። አትቸኩሊ! ማን ይከተልሻል?» አንዳንዴ እንደ «ስታትሀውስ» ያለ፣ ሕጉን ጥሶ መጨረሻው ላይ የሚጠነክር ቃል ሲመጣ ፊታቸው ይበራል። «ይሄ አመፀኛ ነው። በየደብሩ አንድ አይጠፋም» ይላሉ።

አንድ ነገር ብቻ አያስተምሩም ነበር። የቃሉን ትርጉም።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። እሳቸው በተማሩበት ቤት ንባብ ሳይጠና ትርጓሜ አይነካም፤ ሰው ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣና ምን እንደሚል የሚማረው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ዕድሜ ከሰጠው። እኛንም እንደዚያ ያዙን። ከመካከላችን ምላሷ ስለት የሆነች ጽጌ የምትባል የጎንደር ልጅ ነበረች። አንድ ሐሙስ መታገሥ አልቻለችም።

«መሪጌታ፣ ፈተናው እኮ ትርጉሙንም ይጠይቃል። ይሄ ዚከንሀውስ ምንድን ነው?»

«ንባቡ ገና ነው።»

«አሎራ፣ ታዲያ ሳናውቀው ልንፈተን ነው?»

«ዳዊት ትደግሚያለሽ?»

«እንዴ! በየቀኑ ነዋ።»

«ግዕዝ ትሰሚያለሽ?»

«ኧረ እኔ የት አውቄ።»

«ታዲያ እግዚአብሔር አልሰማሽም?»

ሁላችንም ሣቅን፣ እሷም ሣቀች። ስንበተን ግን ክንዴን ይዛ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የኛ ነገር» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ግን ማናችንም አልተውናቸውም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ አገላብጠሽ፣ ሽንት ጨርቅ ቀይረሽ፣ ሐሙስ ላይ አንድ ሰው «አንቺ ደግሞ አሳምረሽ ታነቢያለሽ» ሲልሽ ደስ ይላል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ለልጃቸው ይደውላሉ። የሳቸው ስልክ ባትሪ ስለማይዝ ብዙ ጊዜ የሚደውሉት በኔ ነበር። ከዛፉ ሥር ዞር ብለው ይቆሙና ያ ደልዳላ ድምፃቸው ቅጥን ይላል፣ ልመና ይመስላል። ሲመለሱ ወሬዋን ሁሉ ያካፍሉናል። ሶስና ብስክሌቷን ሰረቋት፤ ሶስና ሒሳብ ከበዳት፤ ሶስና ፀጉሯን ተሠራች፣ እናቷ ግን አልወደደችውም። ሳናያት እንደ ጎረቤት ልጅ ለመድናት። ስትታመም ጸለይንላት፣ ፈተና ስታልፍ እልል አልንላት። እሳቸውም የሷን ወሬ ሳያወሩ የዋሉበት አንድ ሐሙስ አላስታውስም።

በጸደይ ወራት አንድ ቀን ስልኩን ዘግተው መለሱልኝ። «ልትመጣ ነው» አሉ። የሶስና ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ጋር ሮምን ሊጎበኙ ነው። አንድ ከሰዓት ነፃ ይለቋቸዋል፣ እሷም አባቷ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ማየት ትፈልጋለች።

«የቱን ትምህርት ቤት?» አለች ጽጌ።

መሪጌታ ጃንጥላቸውን አገላበጡ። «ሌራር ነኝ ብያታለሁ። አስተማሪ ማለት ነው። አልዋሸሁም። ግድግዳውን ብቻ ነው የጨመርኩበት።»

ሕይወታቸውን ሁሉ ያቆሙት በዚህች ግድግዳ ላይ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ። ልጅቷ ከሳሕን አጣቢ አባት ጋር አይደለም ስትነጋገር የኖረችው፣ ከአስተማሪው ጋር ነው። ግድግዳው ከወደቀ አባትዬውም አብረው ሊወድቁ ነው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ግድግዳ እንፈልጋለና» አልኩ። የሲኞራዬን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ለምኜ ሕፃናት ካቴኪዝም፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ የሚማሩበትን ክፍል ለአንድ ከሰዓት አገኘሁ። ጥቁር ሰሌዳ አለው፣ ግድግዳውም ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። ወንበሮቹ ግን የሕፃን ስለሆኑ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። ኮታቸውን እኔ ተኮስኩላቸው። ተላጭተው፣ ሽቶ ነገር ቀብተው መጡ። ሳቅ በሳቅ ሆነን ነበር፤ ሠርግ ቤት ይመስል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሶስና ቁመቷ ከአባቷም ይበልጣል። ስኒከር አድርጋ፣ የጀርባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትቆም መሪጌታ ለደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አቀፏት። እሷ አቀረቀረች፣ ጎንበስ ማለት የነበረባት እሷ ሆናለችና፤ ትተዋት ሲሄዱ ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ነበረች። በሆላንድኛ አወሩ፣ ሁለቱም ዕንባቸውን ጠረጉ፣ እኛም ጠረግን።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መሪጌታ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ጃንጥላው ዷ አለ፣ እኛ ተቀበልን። አቤት እንዴት አድርገን አነበብን! ስፌቱን ጠብቀን፣ ተነሹን አንሥተን፣ ተጣዩን ጥለን። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። አጨበጨበች። በአባቷ ኮርታ ፊቷ ሲያበራ በዓይኔ አየሁ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ያን ጊዜ ዞር ብላ በእጇ ወደኔ አመለከተችና አንድ ነገር ተናገረች። ረጋ ብላ፣ ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው። መሪጌታ ጣት ከቀሰሩብሽ ተራሽ ደረሰ ማለት ነው፤ ያለዚያ ሌላ ነገር አልለመድንም። እኔም ብድግ አልኩና ድምፄን ሞርጄ «ዚ፣ ከን፣ ሀውስ» አልኩ።

ሣቀች። የቀለድኩባት መሰላት። ወደ ጽጌ ዞራ ያንኑ ደገመችላት። ጽጌ ተነሥታ «ስታትሀውስ» አለች፣ መጨረሻውን አጥብቃ፣ ምንም ሳትስት። የልጅቷ ሣቅ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረችና ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ቃል ይበቃን ነበር። «እንዲህ ነው የምትላችሁ» ቢሉን ሁላችንም አፍ አውጥተን በተናገርን፣ እሳቸውም በተረጎሙ ነበር። መሪጌታ ግን መሬት መሬቱን አዩ። እሷ በማትሰማው አማርኛ፣ «ትርጓሜው በኋላ ይመጣል፣ ልጄ» አሉ።

ቦርሳዋን አነሣች። ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ወጣች። መሪጌታ አልተከተሏትም። መስኮቱ ዘንድ ሄደው ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ እኛም ከነዚያ ሚጢጢ ወንበሮች ላይ እንዴት እንደምንነሣ ግራ ገባን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የሶስና እናት ናት፤ ቁጥሬን ያገኘችው እሳቸው በኔ ስልክ ይደውሉ ስለነበር ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ምን አድርጋችኋት ነው ልጄን?»

«ምንም አላደረግናትም፣ እኅቴ።»

«አባቴ ስለኔ ምን ይላችኋል ብላ ነው የጠየቀቻችሁ። እናንተ 'ሆስፒታል' አላችኋት። 'ማዘጋጃ ቤት' አላችኋት! ካልጋዋ አልነሣ ብላለች። ተማሪዎቹ የውሸት ናቸው፣ እሱም የውሸት ነው፣ ስሜንም ሰምተው አያውቁም ትለኛለች።»

እኔ ስለ ብስክሌቷ የማውቅ፣ ሒሳብ እንደሚከብዳት የማውቅ፣ ስትታመም ሻማ ያበራሁላት! ለናትየዋ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «አሁን ይሄን ማን ያምንሻል» ብላ ዘጋችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ መሪጌታን ብቻቸውን አገኘኋቸው። «ምን እንደጠየቀችን ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ ተማሪዎቼ ሆላንድኛ እንደማይሰሙ ታውቃለች። አስተማሪ ሆኜ ልቆይላት ብዬ ነው። አባትነቱን ረሳሁት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሳቸው ግን ከቆጡ ማውረድ የሚያስፈልጋቸው ነገር እንኳ አልነበረም፤ ልጅቷ ስሟን ከኛ አፍ መስማት ብቻ ነበር የፈለገችው።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ አልቆመም፣ እየሳሳ ሄደ እንጂ። ጽጌ በስልኳ ትርጉሙን ለብቻዋ አጠናች፣ ተፈተነች፣ አለፈች፣ ሆላንድ፣ ዩትሬክት ገባች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። እኔ ተፈትኜ ወደቅኩ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ከአግዳሚ ወንበሩ አላጣቸውም ነበር። ለሶስና ይደውላሉ፣ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ክረምቱ ሲገባ ሳል ጀመራቸው። ትራቶሪያው ሌላ ሳሕን አጣቢ ቀጠረ።

ሆስፒታል ሳሉ እሄድላቸው ነበር። ጃንጥላቸው አልጋው ራስጌ ላይ ተሰቅሏል፣ እሳቸው በጣታቸው የአልጋውን ብረት ይመታሉ። አንድ ቀን «የጠየቀችሽን መልሺላት» አሉኝ።

«በምን አፌ፣ መሪጌታ?»

«ባስተማርኩሽ አፍ።»

ጽጌ ዘንድ ደወልኩና መልሱን በሆላንድኛ ነገረችኝ። አባትሽ ሐሙስ ሐሙስ ሁሉ ስላንቺ ያወራ ነበር፤ ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉሙን አስቀድሜ የተማርኩት ይህን ነው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። «ሐሙስ» የሚለው ቃል ላይ አረሙኝ። «ዶንደርዳኽ ላይ ስፌት አለ፣ አትርገጪው። ዶን ይነሣል» እያሉ ብረቱን ጠቆም ያደርጋሉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው እናቆማለን፣ ሲመለስላቸው እንቀጥላለን። እስኪጠራ ድረስ አልለቀቁኝም። ለናትየዋ ብደውልላት «ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ትንሽ ቆዪ» አለችኝ። ነገርኳቸው። «ቫ ቤኔ፣ ፈተናዋን ትጨርስ። አትረብሿት» አሉ።

ቆየን። እሳቸው አልቆዩም።

ያን ሐሙስ ቀሚሴን እንደለበስኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ ደወልኩ። እናትየዋ ስትሰማ «ወይኔ!» አለች፤ ከዚያ «የስልኩን ድምፅ ከፍቼዋለሁ፣ ሶስናም እዚሁ ናት» አለችኝ። ልጅቷ አልቀረበችም፣ ትንፋሿ ግን ይሰማኛል። ብድግ አልኩ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ተራዬ ስለደረሰ ይሆናል።

«የ ፋደር ስፕራክ ኤልከ ዶንደርዳኽ ኦፈር ያው።»

ከወዲያ በኩል ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ድገሚው ትላለች» አለች እናትየዋ።

ደገምኩት። ዶንን አነሣሁ፣ ዳኽን ጣልኩ። እሳቸው እንደሚሉት አልቸኮልኩም።

«አሁንም ድገሚው ትላለች። እሱን ነው የምትመስዪው፣ እሱ ነው እንዲህ የሚናገረው ትላለች።»

ለሞተ ሰው ዳዊት እንደሚደገም ደገምኩት። ሲኞራዬ በዊልቸሯ ክፍሌ በር ላይ መጥታ ዝም ብላ ታየኛለች። ከዚያ ልጅቷ ራሷ ተናገረች፤ አጭር ነው፣ ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረ። አልገባኝም። እናትየዋም ማልቀስ ይዛ ቶሎ አልተረጎመችልኝም።

«ምን አለች?» አልኳት።

«'ያን ቀን እሱ ራሱ ለምን አልነገረኝም?' ነው የምትለው።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ከሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ። ግን አባቷ አስተማሪ ሆኖ ሊቆይላት ብሎ አባቷ መሆኑን ረሳው ብዬ በየትኛው ቋንቋ ልንገራት? ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ፣ እኔም እንደሳቸው መሬት መሬቱን አየሁ።